ሐረጎ ዳገት ላይ የምትቆም መኪና

ባለቤቴ ካሳዬ ሠላሳ አራት ዓመት ሙሉ መኪና ነድቷል፤ በእነዚያ ሁሉ ዓመታት ግን እኔን አንድ ቀን እንኳ መኪና ውስጥ አስገብቶኝ አያውቅም። ይህን ስናገር ሰው የማጋንን ይመስለዋል። ምኑን ላጋንነው፣ ሰፈሩ ሁሉ ያውቀዋል። የመሥሪያ ቤት ሹፌር ነበር። መኪናው የመንግሥት ነው፣ ነዳጁ የመንግሥት ነው፣ ካሳዬም ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ጀምሮ የመንግሥት ነው። ከኩታበር እስከ ወረኢሉ ያልረገጠው መንገድ የለም። ሐኪሙን፣ መሐንዲሱን፣ ኃላፊውን፣ የኃላፊውን እንግዳ ሲያመላልስ ውሎ ማታ ቁልፉን ለዘበኛው ያስረክብና በእግሩ ወደ ቤቱ ይመጣል።

አንዷን ቀን ልንገራችሁ። የመጨረሻ ልጃችንን አቢጌልን አርግዤ ስምንተኛ ወር ይዣለሁ። ክረምት ነው። ከደሴ ፒያሳ ቧንቧ ውሃ ወደሚባለው ሰፈራችን ዘይት የሞላ ጀሪካን ተሸክሜ ስሄድ ዝናቡ ወረደብኝ። ከኋላዬ የመኪና ድምፅ ሰማሁ፤ የካሳዬን መኪና ድምፅ ደግሞ ከመቶ መኪና መሐል እለየዋለሁ። ተመስገን አልኩ። መኪናው ቀረበ፣ ቀዝቀዝ አለ። ኃላፊው ጋቢና ተቀምጠዋል። ካሳዬ በመስኮት አየኝና እጁን አንሥቶ ሰላም ብሎኝ አለፈ። እጁን አንሥቶ። ማታ መጥቶ እግሬን በፎጣ እያደረቀ "አበብዬ፣ ምን ላድርግ፣ መኪናው የእኔ ቢሆን ኖሮ" አለኝ። እኔ ግን ያችን እጅ ሃያ ስድስት ዓመት በሆዴ ይዣት ኖርኩ። በተጣላን ቁጥር፣ ጠቡ በጨው ማነስ የተጀመረ ቢሆን እንኳ፣ መጨረሻው ያ ዝናብ ነው።

ካሳዬ ጡረታ በወጣ በዓመቱ አንድ ቅዳሜ ከቤት ጠፍቶ ዋለና ከሰዓት በኋላ በራችን ላይ ክላክስ ተነፋ። ወጣሁ። ከእኔ ትዳር በሦስት ዓመት ብቻ የምታንስ፣ ሰማያዊ ቀለሟ ኮፈኗ ላይ የነጣ፣ አንዱ መብራቷ ከሌላው የደመቀ የቤት መኪና ቆማለች። አገር ሙሉ መኪና እያለ ይቺን አሮጊት አመጣህልኝ ልለው አፌን ከፍቼ ነበር። እሱ ግን ወርዶ በፊት ለፊቷ ዞሮ መጣና የጋቢናውን በር ከፈተልኝ።

"ግቢ አበብዬ" አለኝ። "ይቺኛዋ የእኔ ናት።"

የማወርድበትን ሁሉ ትቼ ገባሁ። አለቀስኩ፤ ምን ይደበቃል።

የመጀመሪያው ወር ደስታ በደስታ ነበር። ጋቢናዬ ላይ ጉብ እልና መስኮቱን ዝቅ አድርጌ የሰፈሩን ሰው አንድ ሳላስቀር ሰላም እላለሁ። ኩታበር ዘመዶቹ ዘንድ ሄድን። በየሁለት ሳምንቱ እሑድ ኮምቦልቻ ወዳለችው ልጃችን ወደ ኑኃሚን እንወርዳለን፤ ስንመለስ የሐረጎን ዳገት እየዘመርን እንወጣለን። አሮጊቷ ታጉረመርማለች እንጂ ትወጣዋለች። ካሳዬ እንደ መሥሪያ ቤቱ ጊዜ የጉዞ መዝገብ የሚያደርገው ደብተር ገዝቶ በየጉዞው ይጽፋል፤ ቀን፣ መነሻ፣ መድረሻ፣ የተሳፋሪ ስም። ተሳፋሪዋ እኔ ነኝ። "የተከበሩ ወይዘሮ አበባ" ብሎ ነው የሚጽፈኝ። ሳቅሁበት እንጂ ደስ ብሎኛል።

አንድ ነገር ብቻ ነበረባት፤ ትሸታለች። ካሳዬ ነዳጅ ሲያስቀዳ እስከ አፉ ካልሞላ አይረካም፤ ገጠር ለገጠር ሲነዳ የኖረ ሹፌር አመል ነው። ታዲያ ኩርባ ላይ ስንታጠፍ ቤንዚኑ ከክዳኑ ሥር ሾልኮ በጎኗ ይወርዳል። የእሑድ ቀሚሴ ቤንዚን ቤንዚን ይላል። አምልኮ ላይ አጠገቤ የተቀመጠች እህት አፍንጫዋን ያዝ አድርጋ ቦታ ስትቀይር በዓይኔ አየሁ። ካሳዬ ክዳኑን አጥብቆ ዘጋ፣ ደግሞ ዘጋ፣ አልሆነም።

እኔ ደግሞ ሃያ ዓመት ዘይትና ነጭ ጋዝ ስቸረችር የኖርኩ ሴት ነኝ። ከሱቄ የወጣ ጀሪካን መንገድ ላይ ጠብ አድርጎ አያውቅም፤ ክዳኑ ሥር ፌስታል ሳላደርግ አልዘጋማ። ይኼ የተማረ ሰው አይጠይቅም፣ ጀሪካን የተሸከመች ሴት ሁሉ ታውቀዋለች። አንድ ቀን ካሳዬ ጸጉሩን ሊቆረጥ ሲሄድ ጥቁር ፌስታል አጠፍኩ፣ የነዳጁን ክዳን ፈታሁ፣ ፌስታሉን ከውስጥ በኩል አለበስኩት፣ በላስቲክ ሁለት ጊዜ አዙሬ አሰርኩ፣ የተረፈውን ዙሪያውን በመቀስ ከረከምኩት። ሥራው ከማማሩ የተነሣ ነዳጅ የሚቀዳው ሰው እንኳ ሲከፍተው የክዳኑ ጎማ ነው የሚመስለው። ለካሳዬ አልነገርኩትም፤ መኪናውን ሌላ ሰው ሲነካበት ፊቱ ይለዋወጣል። ሽታው ከዚያን ቀን ጀምሮ ጠፋ። ካሳዬ "አየሽ፣ አጥብቄ ስዘጋው ተወ" ብሎ ሲኩራራ በሆዴ እየሳቅሁ ዝም አልኩ። ለእኔም አንድ ሙያ ትኑረኝ ብዬ ነው።

በቀጣዩ እሑድ ከኮምቦልቻ ስንመለስ ጋሽ እንድርያስ አብረውን ነበሩ። ጋሽ እንድርያስ የአጥቢያችን ሽማግሌ ናቸው፤ ሰባ አምስት ዓመታቸው ነው፣ ጸሎት ሲጀምሩ ከአዳም ይነሣሉ። የሐረጎ ዳገት መሐል ላይ ስንደርስ አሮጊቷ ሁለት ሦስቴ ሳል ሳል አደረጋትና ፀጥ አለች። ካሳዬ ጥግ አስያዛት፣ ቁልፉን አዞረ፤ ታጓራለች እንጂ አትነሣም። ኮፈኑን ከፈተ፣ ያየውን አየ፣ ነካካ፤ ምንም የለም። ጋሽ እንድርያስ እንጸልይ አሉና እጃቸውን ኮፈኑ ላይ ጫኑ። ለወሎ መንገዶች ጸለዩ፣ ለሹፌሮች ጸለዩ፣ ለታመሙት፣ ለተማሪዎች፣ ለሚመጣው ዝናብ ጸለዩ። አሜን ስንል ካሳዬ ቁልፉን አዞረ፤ ተነሣች። ጋሽ እንድርያስ በትሕትና ዓይናቸውን ሰበር አደረጉ፤ እኔ ግን በቀጣዩ ቀን ወሬውን ለሰፈሩ አዳረስኩት።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ሁለታችን ብቻ ሆነን እዚያው ቦታ ቆመች። ካሳዬ ጸለየ። የካሳዬ ጸሎት የሹፌር ጸሎት ነው፤ "ጌታ ሆይ እርዳን፣ አሜን" ካለ አለቀ። አልተነሣችም። ደገመ፤ አልተነሣችም። ያን ጊዜ እኔ ጀመርኩት። ሚስታቸውን ሳያማክሩ አሮጌ መኪና ስለሚገዙ ሰዎች፣ ስለ አንድ ሺህ ዘጠኝ መቶ ምናምን ሥሪት ጉድ፣ ስለዚያ ዝናብ፣ ስለዚያች እጅ፣ አንድ ሳላስቀር አወረድኩበት። ትንፋሽ አጥሮኝ ሳቆም ካሳዬ ቁልፉን አዞረ። ተነሣች። መዝገቡ ላይ አንድ ነገር ጻፈ፤ ምን እንደጻፈ ያን ጊዜ አላየሁም።

ደሴ ያለው መካኒካችን አብይ የታወቀ ባለሙያ ነው። ካንዴላዎቹን ቀየረ። የነዳጅ ማጣሪያውን ቀየረ። ካርቡራተሩን ፈትቶ እንደ ብርጭቆ አጠበው። የነዳጅ ፓምፑንም ቀየረ። ከዚያ ከተማ ውስጥ ዞር ዞር ያደርጋትና "ጋሽ ካሳዬ፣ እኔ ጋ ስትመጣ እኮ ጤነኛ ናት" እያለ እጁን ይጠርጋል። እውነቱን ነው፤ ፒያሳ ደርሳ ስትመለስ ምንም አትሆንም። ወደ ኮምቦልቻም ስትወርድ እንደ መልአክ ነው የምትወርደው። ስትመለስ ሐረጎ ላይ ቀጥ።

ካሳዬ ከሳ። ቀኑን ሙሉ መኪናዋ ሥር ተኝቶ ይውላል፤ ሁለት እግሩን ብቻ ነው የማየው። ጡረታ የወጡ ሹፌሮች ከሰዓት በኋላ የሚሰበሰቡበት አንድ ሻይ ቤት አለ፤ ካሳዬ እዚያ የተከበረ ሰው ነበር፣ "መኪና ቆሞበት የማያውቀው" እያሉ ነው የሚጠሩት። አሁን ይኼው መጠሪያ መቀለጃ ሆነበትና ወደዚያ መሄድ ተወ። እኔ ይህን ሁሉ አያለሁ፤ አንጀቴን ይበላኛል፤ ግን ሐረጎ ላይ በቆምን ቁጥር ምላሴ ይቀድመኛል።

ሦስተኛዋ ቀን ከፋች። ዝናብ ነበር። በዚያው ቦታ ቆመን ሳለ አንድ ሚኒባስ አጠገባችን ቀዝቀዝ አለ። ውስጡ የመዘምራን እህቶች ናቸው። አንዷ በመስኮት አየችኝና እጇን አንሥታ ሰላም ብላኝ አለፈች። ደሜ ፈላ።

"የሰውን መኪና ሠላሳ አራት ዓመት ስትነዳ አንድ ቀን አልቆመብህም" አልኩት። "የእኔ ተራ ሲደርስ ቆመ። ሽጣት።"

ካሳዬ ስሰድበው እንኳ ፈገግ የሚል ሰው ነው። ያን ቀን ፈገግ አላለም። ቃሉ ከአፌ እንደወጣ መልሼ ብውጠው ደስ ባለኝ፤ ግን እልህ ይዞኝ ከጋቢና ወርጄ ከኋላ ተቀመጥኩ፣ በሩንም ድርግም አደረግሁት። ቤት ስንደርስ ካሳዬ ኮምቦልቻ ደወለ። ሐጂ ዘይኑልአቢዲን የሚባሉ እህል ነጋዴ አሉ፣ በሹፌርነቱ ዘመን ያውቁታል፤ ለቤታቸው መኪና ሲፈልጉ ነበር። ዳገት ላይ እንደምትቆም ሳይደብቅ ነገራቸው። ስለታመመች በወረደ ዋጋ ተስማሙ፤ ሐሙስ ላመጣልዎት ብሎ ቃል ሰጠ። ካሳዬ ቃል ከሰጠ አለቀ ማለት ነው። ስልኩን ዘግቶ ወጣና መኪናዋ ውስጥ ተቀመጠ። ሽጣት ያልኩት ራሴ ሆኜ ሳለ ባይሸጣት ብዬ ተመኘሁ።

ሐሙስ ጠዋት አጥቦ ወለወላት፤ ጎማዋን ሳይቀር በጨርቅ አሸ። እኔ ከኋላ ተቀመጥኩ። ጋቢና ግቢ አላለኝም፣ እኔም ልግባ አላልኩም። ጋቢናው ባዶ ሆኖ እስከ ኮምቦልቻ ወረድን።

ሐጂ ዘይኑልአቢዲን ሳዲቅ የሚባል መካኒካቸውን ይዘው ጠበቁን። ሳዲቅ ቀጭን ሰው ነው፤ ትንሽ ይናገራል፣ ብዙ ያዳምጣል። ሞተሩን አስነሥቶ ጆሮውን አዘንብሎ ሰማና ይቺ መኪና ምንም የላትም አለ። ካሳዬ፣ የእሱ ነገር፣ ቁልቁለቱን አትመን፣ ዳገቱን ወስደህ እያት እንጂ አለው። ሊሸጥ የመጣ ሰው እንዲህ ሲል አይታችሁ ታውቃላችሁ? ስለዚህ አራታችን ተነሣን። ሳዲቅ ይነዳል፣ ሐጂ ጋቢና፣ እኔና ካሳዬ ከኋላ። ካሳዬ ከኋላ ሲቀመጥ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው፤ ኩርባ በመጣ ቁጥር ቀኝ እግሩ የሌለ ፍሬን ይረግጣል።

ሐረጎ መሐል፣ እዚያችው ቦታ፣ ሳል ሳል አደረጋትና ቆመች።

ሳዲቅ ኮፈኑን አልከፈተም። ወደ ኋላ ዞሮ፣ እንዲህ ስትሆንባችሁ ምን ታደርጋላችሁ ብሎ ጠየቀን። ካሳዬ መዝገቡን ከኪሱ አውጥቶ ሰጠው። ሳዲቅ ገለጠና ጮክ ብሎ ማንበብ ጀመረ።

"ሐረጎ። ቆመ። ጋሽ እንድርያስ ጸለዩ። ተነሣ።" ገጹን ገለበጠ። "ሐረጎ። ቆመ። እኔ ጸለይኩ። አልተነሣም። ደግሜ ጸለይኩ። አልተነሣም። የተከበሩ ወይዘሮ አበባ ተቆጡ። ተነሣ።"

ሐጂ ኮፍያቸውን በእጃቸው ይዘው እስኪያለቅሱ ሳቁ። እኔ ፊቴ ነደደ። ሳዲቅ ግን አልሳቀም፤ ጣቱን ገጹ ላይ እንዳደረገ አሰበና "እትዬ አበባ፣ አይቀየሙኝና፣ ቁጣው ምን ያህል ይፈጃል?" አለኝ። እንደ ጥፋቱ ነው አልኩት። ካሳዬ ቀስ ብሎ ሩብ ሰዓት ያህል አለ። የሽማግሌውስ ጸሎት አለ ሳዲቅ። እሱም ከሩብ ሰዓት አያንስም አለ ካሳዬ። ሳዲቅ መዝገቡን ዘጋው።

"የዱዓውን ነገር አላህ ያውቃል፤ እሱ የእኔ ሥራ አይደለም" አለ። "እኔ የማየው ሩብ ሰዓቱን ነው። ይቺ መኪና ጊዜ ስታገኝ ነው የምትነሣው። አንድ ቦታ አየር ታፍኖባታል።"

ወረደ። ወደ ሞተሩ አልሄደም፤ ወደ ኋላ፣ ወደ ነዳጁ ክዳን ሄደ። እኔም ወረድኩ፤ እግሬ ራሱ ነው የወሰደኝ። ክዳኑን ፈታ ሲያደርገው ከውስጥ ሽሽሽ የሚል ድምፅ ተሰማ፤ ውሃ ውስጥ ቆይቶ የወጣ ሰው አየር ሲስብ እንደሚሰማው። ካሳዬን ቁልፉን ያዙሩት አለው። በአንዴ ተነሣች። ሳዲቅ ክዳኑን ገልብጦ ውስጡን አየ፣ በጥፍሩ ቧጠጠና ላስቲኩንና ጥቁሩን ፌስታል ላጥ አድርጎ አወጣው።

ክው አልኩ። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ ያን ጊዜ እሺ ብዬ እገባ ነበር።

ሳዲቅ ነዳጁ ሲያልቅ በምትኩ አየር በክዳኑ መግባት አለበት፣ ካልገባ ታንከሩ ነዳጁን ወደ ራሱ ይስባል፣ ዳገት ላይ ደግሞ ሞተሩ ብዙ ስለሚጠጣ ታፍና ትቆማለች፣ ቆም ሲሉ አየሩ በቀጭኑ ሾልኮ ይገባና ትነሣለች ብሎ አስረዳን። ከዚያ ለእኔ ብሎ ይመስላል፣ ዘይት ከሞላ ጀሪካን ሲቀዱ ከላይ በሚስማር ትንሽ ይበሱት የለ፣ ያው ነው አለኝ። ሃያ ዓመት ስበሳ የኖርኩ ሴት ነኝ እኮ። ለመንገድ ሲሆን ማሸግ፣ ለመቅዳት ሲሆን መብሳት። እኔ ማሸጉን ብቻ አስታውሼ መብሳቱን ረሳሁት።

"ማን ነው ይኼን ያሰረው?" አለ ሳዲቅ ፌስታሉን ከፍ አድርጎ።

ካሳዬ መጥቶ አየው። በመቀስ የተከረከመውን ጠርዝ አየ። ሁለት ጊዜ የተጠማዘዘውን ላስቲክ አየ፤ በዚያ ዓይነት የታሰረ ስኳርና በርበሬ ሠላሳ ዓመት ሲፈታ ኖሯል። ከዚያ እኔን አየኝ።

"እኔ ነኝ" አለ። "ይንጠባጠብ ስለነበር።"

ሳዲቅ ያን ጊዜ ነው የሳቀው። ሠላሳ አራት ዓመት የነዳ ሹፌር የገዛ መኪናውን አፍ አሽጎ መካኒክ ሲያደክም አይቼ አላውቅም አለ። ሐጂም ሳቁ፤ በክፋት አይደለም፤ ግን ያ ወሬ ከእኛ ቀድሞ ደሴ እንደሚገባ፣ ሻይ ቤቱም እንደሚደርስ ገባኝ። ካሳዬ ደረቅ ፈገግታ ፈገግ ብሎ ቆመ። ቁልፉን ነቀለ፣ በሸሚዙ ጫፍ ጠረገው፣ ለሐጂ ዘረጋላቸው። መኪናዋ ደህና ናት፣ እንግዲህ ይውሰዷት፣ ዋጋውም ያው የተባባልነው ነው፣ ቃሌን አላጥፍም አላቸው። እጁ ግን ቁልፉን ቶሎ አልለቀቀውም።

"ሐጂ፣ ይቆዩ" አልኩ። ድምፄ ለራሴም እንግዳ ሆነብኝ። "ካሳዬ ዋሽቷል። ያሰርኩት እኔ ነኝ። ክዳኑን የፈታሁት እኔ፣ ፌስታሉን የከረከምኩት እኔ፣ እሱ ላይ የጮህኩት እኔ፣ ሽጣት ያልኩትም እኔ ነኝ። ባሌ ምንም ጥፋት የለበትም። መኪናም ቆሞበት አያውቅም፤ ያቆምኩበት እኔ ነኝ።"

ሳዲቅ ጫማውን ማየት ጀመረ። ሐጂ ዘይኑልአቢዲን ኮፍያቸውን መልሰው አጠለቁ። ከዚያ ከካሳዬ እጅ ቁልፉን ተቀበሉ፤ ሊወስዷት ነው አልኩ። ዞረው መጥተው መዳፌ ላይ አስቀመጡት።

"የተስማማነው ታማለች ተብሎ ነው" አሉ። "ካልታመመች ያ ስምምነት የለም፤ እኔም ብወስዳት ሐላል አይሆንልኝም። አንቺ እህቴ፣ እዚህ መንገድ ላይ ቆመሽ ይኼን ከተናገርሽ፣ መኪናሽን ያዥ።"

ላልቅስ ወይስ ልሳቅ ብዬ ሁለቱንም በአንድ ላይ አደረግሁት። ካሳዬ ሁለቱንም እናድርሳችሁ ቢላቸው እንቢ አሉ፤ ወደ ቤታችሁ ዳገቱን ጀምራችሁታል፣ ጨርሱት ብለው ወደ ኮምቦልቻ የሚወርድ ሚኒባስ አስቆሙ። ሳዲቅ ከመግባቱ በፊት ፌስታሉን አጣጥፎ ሰጠኝ። "አብሽሩ እትዬ፣ ለጀሪካን ያገለግላል" አለኝ። እንዲህ ያለ ምላስ እንዳለው አስቀድሜ ባውቅ ኖሮ ያኔውኑ እወደው ነበር።

ሁለታችን ቀረን። ስልኬ ጮኸ፤ ጋሽ እንድርያስ ናቸው። ቆመችባችሁ ወይ፣ ልጸልይ ወይ አሉ። ጋሼ፣ ዛሬስ ምስጋና ብቻ ይበቃል፣ ወንበር ይዘው ይቀመጡና እንደፈለጉ ያርዝሙት አልኳቸው። ደስ አላቸው፤ ግን ትንሽ ቅር ሳይላቸውም አልቀረ።

ከዚያ ወደ ካሳዬ ዞርኩ። አንተ አማኝ ሰው አይደለህም ወይ፣ ምን ቆርጦህ ነው በሰው ፊት የዋሸኸው አልኩት። ንስሐ እገባበታለሁ ብሎ ሳቀ። መልስልኝ ብዬ ያዝኩት። ኮፈኗን እየዳበሰ መለሰልኝ።

"አንቺ ሹፌር ሆነሽ አታውቂም" አለኝ። "መኪና ሲቆም የተቀመጠው ሰው ሁሉ ሹፌሩን ነው የሚያየው። ጎማ ቢፈነዳም፣ ድልድይ ቢሰበርም፣ ዝናብ ቢዘንብም እሱን ነው የሚያዩት። እኔ ያን ዓይን ለምጄዋለሁ። አንቺ ላይ እንዲያርፍ አልፈለግሁም።" ቁልፉን ከመዳፌ አነሣ። "ደግሞ በሠላሳ አራት ዓመት ውስጥ ከኋላ ወንበር ወርዶ 'እኔ ነኝ' ያለ ሰው አላየሁም። አንቺ የመጀመሪያዋ ነሽ።"

እኔ ራሴ እኮ በዚያ ዓይን ሳየው ነው የከረምኩት። ይቅር በለኝ አልኩት፤ ስለ ፌስታሉ ብቻ አይደለም፣ ስለዚያ ዝናብም አልኩት። ዞሮ የጋቢናውን በር ከፈተልኝ። ገባሁ፤ ወንበሩ ከሐጂ ቁመት የተነሣ ወደ ኋላ ተገፍቶ ነበር፣ ወደ ፊት ሳብኩት።

ዳገቱን ጀመርን። አሮጊቷ እያጉረመረመች ወጣች፤ የቆምንባቸውን ቦታዎች ሁሉ አንድ በአንድ አለፍናቸው። ሊያልቅ ትንሽ ሲቀረው አንዲት ሴት ቢጫ ጀሪካን በጀርባዋ አዝላ በመንገዱ ጥግ ስትወጣ አየን። የመኪና ድምፅ ስትሰማ ዞር አለች። ካሳዬ ቀዝቀዝ አደረገ። እጁን ከመሪው ላይ ሲያነሣ አየሁት፤ የድሮ ልማዱ ነው። አንድም ቃል አልተናገርኩም። እጁን መለሰና ፍሬን ያዘ።

ወርዶ የኋላውን በር ከፈተላት። ገባች፤ ጀሪካኑን ጭኗ ላይ አቀፈችው። ዘወር ብዬ ክዳኑን አየሁ፤ ሥሩ ፌስታል አለው፣ ጥሩ አድርጋ አስራዋለች። ስሟን ጠየቅኋት፤ ሰርካዲስ አለችኝ። ካሳዬ ቤት እንደደረስን መዝገቡን አውጥቶ ሲጽፍ በትከሻው ላይ አየሁት።

"ሐረጎ። ቆመ። ምክንያት፣ የተከበሩ ወይዘሮ ሰርካዲስን ለመጫን። ወዲያው ተነሣ።"